የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል ወይ?

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ሳሙኤል 14፥14፤ ዘፍጥረት 16 እና 21፤ ዮሐንስ 9፥1-7

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ በሾፌርነትና በግቢ ሥራ ያላችሁ ወንድሞቼም፣ ይህችን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ እንደተለመደው ለሌላዋ አሳልፏት፤ በሻንጣ ውስጥ አትቀመጥ።

በአገራችን "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ይባላል። ይህን ተረት እዚህ አገር የማትሰማ እህት የለችም። የስምንት ወር ደመወዟ የቀረባት እህት ስታለቅስ "በቃ፣ የፈሰሰ ውሃ ነው፣ እርሺው" ትባላለች። ልጇን በሁለት ዓመቱ ለእናቷ ትታ የመጣችው፣ ልጁ ዛሬ በስልክ "አክስቴ" ብሎ ሲጠራት፣ ያለፈው ጊዜ የፈሰሰ ውሃ ነው ብላ ትተኛለች። ክብሯ የተነካባት ደግሞ ለማንም አትናገርም፤ ራሷን እንደ ተደፋ እጣቢ ትቆጥራለች። ዛሬ የምጽፈው በተለይ ለዚህች ለሦስተኛዋ ነው። ማን እንደሆነች አልጽፍም። ወደ ጸሎታችን መምጣት ከተወች ጥቂት ወራት ሆኗታል። "እኔ ከእንግዲህ ለጸሎት አልሆንም፣ ቆሽሻለሁ" ብላ መልእክት ልካለች። እኔም ያቺን ቃል ይዤ ስጸልይ ከረምኩ።

በመጽሐፍ ቅዱስም የፈሰሰ ውሃ ነገር ተጽፏል። የዳዊት ልጅ አቤሴሎም ወደ ጌሹር ሸሽቶ ሦስት ዓመት በሰው አገር ተቀመጠ። ያን ጊዜ ኢዮአብ ከቴቁሔ አንዲት ብልህ ሴት አስመጥቶ ወደ ንጉሡ ላካት። እርሷም ሁላችንም ሟቾች እንደሆንን፣ መሬት ላይ ፈስሶ ተመልሶ እንደማይሰበሰብ ውሃም እንደሆንን ነገረችው። እስከዚህ ድረስ የእኛው ተረት ነው። ሴትዮዋ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። እግዚአብሔር የተሰደደው ሰው ተጥሎ እንዳይቀር ዘዴ ያዘጋጃል ብላ ጨመረች። ልብ በሉ! ስለ ስደተኛ ነው የምትናገረው። ስለ እኔና ስለ አንቺ ማለት ነው።

እግዚአብሔር የፈሰሰውን እንዴት ነው የሚሰበስበው? ይህን ለመረዳት ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን አንድ ቦታ ላስታውሳችሁ፤ ዋዲ ሐኒፋን። አርብ አርብ ማታ ከቤተሰቡ ጋር ምንጣፍና ቴርሞስ ተሸክመን የምንሄድበት ሸለቆ ነው። ለእነሱ ሽርሽር ነው፤ ለእኛ ሥራው ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ቢሆንም ከአራት ግድግዳ መውጣት ነውና ተመስገን ነው። ሸለቆው ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ከጡዋይቅ ተራራ ተነሥቶ፣ በድርዒያ አልፎ፣ ሪያድን በምዕራብ በኩል ታኮ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ርዝመቱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላይኛው ክፍል ዝናብ ካልዘነበ ደረቅ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይፈስሳል። መናፈሻዎቹ መሐል ሰው የሠራቸው ሐይቆች አሉ፤ ወደ አልሐኢር ሲደርሱ ደግሞ ሐይቆቹ ይሰፋሉ። ሸምበቆ አለ፣ ቴምር አለ፣ እግራቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎች አሉ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ሰውም አይጠፋም። ይህ ሁሉ በበረሃ መካከል!

እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ውሃው ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ። የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ነው። ሳቀና "ከእኛ ቤት" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብሎ ሲያስረዳኝ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያም ወዲህ የሚነበብ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አንብቤያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪያድ ከባሕር የራቀች፣ በ600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደረቅ ከተማ ናት። ከጥልቅ ጉድጓድ ከሚወጣው ሌላ፣ ብዙው ውሃዋ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከባሕር ይመጣል። በጁበይል ጨዉ ይወጣለትና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ እየተገፋ ሽቅብ ይመጣል። ውሃውም እንደ እኛ ከሩቅ የመጣ ስደተኛ ነው። እዚህ ሲደርስ ንጹሕ ነው። ከዚያ በየቤቱ ይገባል። እኛ ምግብ እናበስልበታለን፣ ልጆቹን እናጥብበታለን፣ ሐማሙን በክሎሮክስ እንፈትግበታለን፣ ወለሉን እንወለውልበታለን፣ የመወልወያውንም ውሃ በባልዲ እንደፋዋለን። ከደፋነው በኋላ ማን ያስበዋል? ሄደ፣ አለቀ።

ግን አላለቀም። በቱቦ ተጉዞ ወደ ማጣሪያ ይገባል። ከእነዚህ ማጣሪያዎች ትልቁና የቆየው ያለው በመንፉሃ ነው። ከማጣሪያው ወጥቶ ወደ ሸለቆው ይለቀቅና ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ሐይቅም ይሆናል። እህቴ ሆይ፣ አርብ ማታ ዳር ቆመሽ የምታዪው ሐይቅ ውስጥ አንቺ ሰኞ ጠዋት የደፋሽው ባልዲ አለበት ማለት ነው።

መንፉሃ ስል አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ያን ስም ሰምታ ልቧ የማይደነግጥ ሐበሻ ማን አለች? በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2013) ወረቀት የሌላቸው ሲታደኑ፣ በመንፉሃ የሆነውን ታውቃላችሁ። የሰው ሕይወት ጠፋ። በተከታዮቹ ጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ወደ አገር ተመለሱ። ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ ሌላ ሳይዙ ነው የሄዱት። የከተማው እጣቢ የሚጣራበት ሰፈር፣ የእኛ ሰዎች እንደ እጣቢ የተጠረጉበት ሰፈር ሆነ። ይህን የምጽፈው ጥላቻ ለመዝራት አይደለም፤ በዚያን ጊዜ በሩን ዘግቶ የደበቀንና እንጀራ ያቀበለን የአገሩ ሰውም ነበር። የምጽፈው ከመካከላችን ያኔ ተባርራ ደግማ የመጣች ስላለች፣ የቴቁሔዋ ሴት ቃልም ለእርሷ ስለሆነ ነው። የተባረረው ተጥሎ እንዳይቀር የሚያስብ አምላክ አለ።

አሁን ከዚህ ውሃ የምንማራቸውን ሦስት ነገሮች ላንሳ።

አንደኛ፣ ቆሻሻው የውሃው አይደለም። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ነው ወደ ቤቱ የገባው። የቆሸሸው የሌላውን ቆሻሻ በማጠብ ነው። "ቆሽሻለሁ" ያልሽኝ እህቴ፣ ይህን ደጋግመሽ አንብቢው። በአንቺ ላይ የተደረገው ያደረገው ሰው ኃጢአት ነው። በእግዚአብሔር ፊትም የሚጠየቀው እሱ ነው። አንቺ ንስሐ የምትገቢበት ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የበደለው ሰው በሰላም ይተኛል፣ የተበደለችው ደግሞ ፊቷን ትሸፍናለች። ይህ የተገለበጠ ፍርድ ነው። ከጸሎት የሚያርቅሽ ድምፅ የጌታ ድምፅ አይደለም። ጌታ በመንገድ ላይ የደም መፍሰስ ያለባትን ሴት እንኳ፣ በሕጉ ርኩስ የምትባለውን፣ ልብሱን ስትነካው ልጄ ብሎ ጠራት እንጂ አላራቃትም።

ሁለተኛ፣ ከማጥራት በፊት መጣል ይቆማል። ይህ ሸለቆ ለብዙ ዓመታት የተበላሸ ነበር። ከተማዋ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፍጥነት ስታድግ አፈሩንና ድንጋዩን ለግንባታ ቆፍረው ወሰዱ። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽና ቆሻሻ ጣሉበት። ማንም እዚያ ሽርሽር አይሄድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የከተማዋ የልማት ባለሥልጣን ሸለቆውን የማዳን ሥራ ጀመረ። ያ ሥራ በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንጻ ሽልማትን አገኘ። ታዲያ መጀመሪያ ምን አደረጉ? ሐይቅ አልሠሩም፣ አበባም አልተከሉም። ቁፋሮውንና መጣሉን ማስቆም፣ የተቆለለውንም ጠርጎ ማውጣት ነበረባቸው። ላዩ ላይ እየተጣለበት ያለ ውሃ እንዴት ይጠራል?

ይህን የምለው በመካከላችን አንድ ልማድ ስላለ ነው። አንዲት እህት በምትሠራበት ቤት እየተጎዳች ስትነግረን ቶሎ ብለን "ቻይው፣ ጸልዪ፣ የአጋርን ታሪክ አስታውሺ፤ መልአኩ ወደ እመቤትሽ ተመለሺ ብሏታል" እንላታለን። እስቲ የአጋርን ታሪክ እስከ መጨረሻው እናንብበው። አጋር ግብጻዊት ናት፣ የሰው አገር ሰው፣ የቤት ሠራተኛ። በዘፍጥረት 16 እመቤቷ ሦራ ስላስጨነቀቻት ሸሸች። በበረሃ ምንጭ አጠገብ የጌታ መልአክ አገኛት። ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። ልብ በሉ፣ በአብርሃም ቤት ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም። በስሟም ጠራት፤ በቤቱ ግን ባሪያይቱ እየተባለች ነበር። እርሷም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ ስም አወጣችለት። ጉድጓዱም በዚያው ስም ተጠራ። በመጽሐፍ ቅዱስ ለእግዚአብሔር ስም አወጣች ተብሎ የተጻፈላት የመጀመሪያዋ ሰው ይህች የቤት ሠራተኛ ናት።

አዎን፣ ያን ጊዜ ተመለሺ ተብላለች። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ በበረሃ ብቻዋን ነበረች፣ ለልጇም ተስፋ ተሰጣት። በምዕራፍ 21 ግን ከቤቱ ስትወጣ፣ እንጀራና ውሃ ብቻ ተሰጥቷት በቤርሳቤህ በረሃ ስትቅበዘበዝ፣ በአቁማዳው ያለው ውሃ ሲያልቅ፣ እግዚአብሔር ተመለሺ አላላትም። ዓይኗን ከፈተላት፣ ጉድጓድም አየች። ልጇን አጠጣች፣ ወደ ፊትም ሄደች። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ቆርጠን ለሁሉም እህት "ተመለሺ" የማለት ሥልጣን የለንም። ሁለቱንም ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገው ማየትና መስማት ነው። እኛም መጀመሪያ እንስማ። የጠባይ አለመግባባት ሲሆን ትዕግሥት ይበጃል፤ የሚመታ እጅ ሲሆን፣ ወይም በሌሊት የሚከፈት በር ሲሆን ግን፣ መጣሉ ይቁም እንላለን እንጂ ቻይው አንልም።

ሦስተኛ፣ ውሃው የሚጠራው ቀስ በቀስና በኅብረት ነው። ይህ እኔን ከሁሉ በላይ አስደነቀኝ። በሸለቆው ውስጥ ውሃው ተጨማሪ የሚጠራበት ስፍራ ሠርተዋል። 134 ክፍሎች አሉት። ውሃው በእነዚህ ክፍሎች ይከፋፈላል፣ በድንጋይ መካከል ያልፋል፣ ከሥር አየር ይነፋለታል። ከዚያም በታች በሸለቆው ላይ ትንንሽ የድንጋይ እርከኖች አሉ፤ ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ እየወደቀ አየር ይቀበላል። አየር ሲያገኝ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን በድንጋዩ ላይ ይራባሉ፣ ቆሻሻውንም ይመገቡታል። እነሱን ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታት ይበሏቸዋል፣ እነዚያንና አረንጓዴውን አልጌ ደግሞ ዓሣው ይበላል። ዓሣውም ባዳ አይደለም፤ እኛ በጣናና በዝዋይ የምናውቀው የቆሮሶ ዘር ነው። በቀን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሜትር ኪዩብ ውሃ በዚህ መንገድ እየተሻለው ይወርዳል።

በዚህ ውስጥ ምን ታያላችሁ? የታቆረ ውሃ፣ አየር ያላገኘ፣ ይሸታል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቆልፎ የቀረ ኀዘንም እንደዚሁ ነው። አየር የሚያገኘው ሲነገር ነው። ለጌታ በጸሎት፣ ለአንዲት ታማኝ እህትም በቃል። በመጀመሪያ ሰውን የፈጠረ እስትንፋስ የጌታ እስትንፋስ ነው፤ የተዘጋውንም ልብ የሚከፍተው እርሱ ነው። ደግሞም ውሃውን የሚያጠራው አንድ ትልቅ ነገር አይደለም። 134 ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ትንሽ ይሠራል። እኛም አንዲቷ ልብስ ታካፍላለች፣ አንዲቷ ስልክ ትደውላለች፣ አንዲቷ ዝም ብላ አብራ ታለቅሳለች። በአንድ ቀን ጸሎት ሁሉ ነገር ካልተለወጠ እምነትሽ ጎድሏል የሚልሽን አትስሚ። ውሃው በመጀመሪያው እርከን አልጠራም፤ ግን መውረዱን አልተወም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሐይቁ ውሃ አሁንም ለመጠጥ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ሸምበቆ ያበቅላል፣ ወፍ ያሳርፋል፣ የቴምር እርሻ ያጠጣል። "ገና አልዳንኩም፣ ገና በሌሊት እባንናለሁ፣ ታዲያ ምን ላገለግል?" የምትይ እህቴ፣ ሙሉ በሙሉ እስክትድኚ አትጠብቂ። ካለሽበት እርከን ላይ ሆነሽ ለሌላዋ ጥላ መሆን ትችያለሽ።

ምናልባት ከእናንተ አንዷ "ይህ እኮ ሰው የሠራው ሐይቅ ነው፣ የእግዚአብሔር ሥራ ምኑ ላይ ነው?" ትል ይሆናል። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ታጠብ ብሎ የላከው ወዴት ነበር? ወደ ሰሊሆም። ሰሊሆምም ሰው የሠራው መጠመቂያ ነው፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ውሃውን ወደ ከተማ እንዳስገባ በ2ኛ ነገሥት 20፥20 እናነባለን። በአገራችንም ጎንደር ላይ የፋሲለደስ መጠመቂያ ሰው የሠራው ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ ይሞላል፣ ሕዝቡም በደስታ ይገባበታል። ከመካከላችን በቤተ ክርስቲያን ያደገችም፣ በአዳራሽ ያደገችም አለች፤ ሁላችንም ግን ይህን እንረዳለን። እግዚአብሔር በሰው እጅ በተቆፈረ ነገርም ይፈውሳል። ስለዚህ ፈውስሽ በሰው እጅ ቢመጣ፣ በሐኪም፣ በኤምባሲ ሠራተኛ፣ በአንዲት ደግ ጎረቤት ቢመጣ፣ ከጌታ አይደለም አትበይ።

በጸሎት ብቻ እንዳንቀር ጥቂት የሥራ ነገር ልናገር። የኢቃማሽንና የፓስፖርትሽን ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላለ ሰው ላኪ። የውልሽን ቅጂ ያዢ። የተከፈለሽንና የቀረብሽን ወር በደብተር ጻፊ፤ ቀኑን ጨምረሽ። የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዢ፣ ስልክሽ ቢወሰድብሽ እንኳ። የምትሠሪበትን ሰፈርና ከአጠገቡ ያለውን መስጊድ ወይም ባቃላ ስም ቢያንስ አንዲት እህት ትወቅ። በአካልሽ ላይ ጉዳት ከደረሰ ወደ ሐኪም መሄድ ነውር አይደለም። ደመወዝሽም የፈሰሰ ውሃ አይደለም፤ የላብሽ ዋጋ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል።

እንግዲህ ወደ ተረታችን ልመለስ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ማለት ለእኛ እውነት ነው። በእጃችን ልናፍሰው ብንሞክር ጭቃ ብቻ ነው የምንይዘው። ያለፈው ዓመት አይመለስም፤ የልጅሽ የመጀመሪያ እርምጃ አይመለስም፤ ይህን ዋሽቼ አላጽናናሽም። ነገር ግን እኛ ስንደፋው ከዓይናችን የጠፋው ውሃ፣ ከታች የሚቀበለው ሸለቆ እንደነበረው፣ የእኛንም እንባ የሚቀበል አለ። በመዝሙር 56 ዳዊት እንባውን በዕቃ ውስጥ እንዲያኖርለት ጌታን ይለምናል። ካልፈሰሰ ማን በዕቃ ይቀበለዋል? እግዚአብሔር የሚሰበስበው የፈሰሰውን ነው።

አንቺ መልእክት የላክሽልኝ እህቴ፣ ይህች ወረቀት በሰው እጅ ትደርስሻለች። ቦታሽ ባዶ ነው። ማንም ምን ሆንሽ ብሎ አይጠይቅሽም፤ መናገር ስትፈልጊ ብቻ እንሰማለን። መምጣት ካልቻልሽ ሚስኮል አድርጊ፣ እኛ መልሰን እንደውላለን።

እንጸልይ። የሚያየን አምላክ ሆይ፣ በየኩሽናው ያሉትን ልጆችህን ተመልከት። የተደፉትን ሰብስብ። ያለ ጥፋታቸው የሚያፍሩትን ከኀፍረት አውጣ። የሚበድሉትን እጃቸውን ያዝ፣ ልባቸውንም መልስ። በሕመም ያሉትን፣ በእስር ያሉትን፣ መንገድ ላይ ያሉትን አስብ። አገራችንን ሰላም አድርግ፣ እናቶቻችንን በዕድሜ አቆይልን። እኛንም አንዳችን ለአንዳችን አየር የምንሰጥ አድርገን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።

የኅብረቱ አገልጋይ እህታችሁ፣ ከሪያድ